የጓሮዬን አፈር የሚይዝ ግንብ ማንን ላሠራ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። ቤቴ ጎንደር፣ ወደ ቁስቋም በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ከጓሮዬ ጀርባ 2 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ 12 ሜትር የሚረዝም የተቆረጠ አፈር አለ። ባለፈው ክረምት ከላይ ካለው ጎረቤቴ አጥር ሥር ተንዶ እስከ ኩሽናዬ ደጃፍ ደረሰ። አንድ ግንበኛ መጥቶ አየና «በ20 ሳንቲም ኮንክሪት እሠራዋለሁ፣ በ8 ቀን አስረክብዎታለሁ፤ ሲሚንቶና ፌሮ እርስዎ ያቅርቡ፣ የእጅ ዋጋውን ግማሽ ቀድመው ይስጡኝ» አለኝ። ጎረቤቶቼ ደግሞ «የፋሲል ግንብ በድንጋይና በኖራ ቆሞ የለም ወይ? ኮንክሪት ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል። ስለ ግንባታ የማውቀው ነገር የለም። ሰውየውን ምን ልጠይቀው? ውሉ ላይስ ምን ላስፍር? የቁስቋሟ እናት ነኝ።

መልስ፦ ጤና ይስጥልን እናታችን። አስቸኳዩን እናስቀድም፦ ግማሹን ቀድመው አይስጡ። ሰውየው አታላይ ነው አንልም፤ ያቀረበልዎት ሐሳብ ግን ጎደሎ ነው። በ8 ቀን ተቆፍሮ ኮንክሪት ሊሞላ ይችል ይሆናል። ጀርባው በአፈር ተሞልቶ ሊያልቅ ግን አይችልም፤ ኮንክሪቱ የአፈር ግፊት ከመሸከሙ በፊት 28 ቀን ሊጠነክር ይገባል። ስለ መሠረቱ ስፋትና ስለ ውሃው መውጫ ደግሞ ምንም አላነሳም። ድጋፍ ግንብ ሲፈርስ በአብዛኛው ከነዚህ ከሁለቱ በአንዱ ነው፤ ሁለቱም ሥራው ሲያልቅ አፈር ለብሰው ከዓይን ይጠፋሉ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንልዎት ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመራል፦ የሚሸፈነው ሁሉ ሳይሸፈን ይታይ፤ ገንዘቡም የሚወጣው ያ ከታየ በኋላ ይሁን።

«20 ሳንቲም» ያለዎት የቆመውን ግድግዳ ውፍረት ነው። የኮንክሪት ድጋፍ ግንብ ግን እንደ አጥር ቀጥ ብሎ ብቻ አይቆምም። ከሥሩ ሰፊ እግር አለው፤ የእግሩ አብዛኛው ክፍል ወደ ዳገቱ ገብቶ ይተኛል፤ በላዩ የሚሞላው አፈር በክብደቱ ተጭኖት ግንቡ ወደ ጓሮዎ እንዳይገለበጥ ይይዘዋል። የእግሩ ስፋት ከመሠረቱ ታች እስከ ግንቡ ጫፍ ካለው ከፍታ ግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሆናል። በእርስዎ ቦታ ግንቡ ከመሬት በላይ 2 ሜትር፣ ከመሬት በታች 60 ሳ.ሜ. ቢሆን ጠቅላላው 2.60 ሜትር ነው። እግሩ ወደ 1.60 ሜትር ስፋትና 30 ሳ.ሜ. ውፍረት ይኖረዋል፦ 40 ሳ.ሜ. ወደ ጓሮዎ፣ 25 ሳ.ሜ. ከግድግዳው ሥር፣ 95 ሳ.ሜ. ወደ አፈሩ። ሸክላማ መሬት ላይ ከመገልበጥ ይልቅ መንሸራተት ስለሚያሰጋ ከእግሩ ሥር 30 በ30 ሳ.ሜ. የሆነ ጥርስ ወደ መሬት ይሰዳል።

እዚህ ላይ የወሰን ጉዳይ ይነሳል። 95 ሳንቲሙ በጎረቤትዎ አጥር ሥር የሚገባ ከሆነ ያለ እሳቸው ፈቃድ መቆፈር አይችሉም፤ ቢፈቅዱም አጥራቸው በቁፋሮው ሊወርድ ይችላል። ያኔ እግሩ ተገልብጦ ወደ እርስዎ ጓሮ ይረዝማል። የአፈሩ ክብደት ስለማያግዘው ግን ስፋቱም ጥርሱም እንደ አዲስ መሰላት አለበት። ግንበኛው መሬት ላይ ኖራ በትኖ የሚወስነው ነገር አይደለም።

በዚህም ምክንያት፣ እንዲሁም ከላይ የሰው አጥር ስላለ፣ ሥዕሉን ሲቪል መሐንዲስ ይሥራልዎት። ከ1 ሜትር ያነሰና በላዩ ምንም የሌለበት ግንብ ቢሆን ጥሩ ግንበኛ ይበቃል እንል ነበር፤ የእርስዎ ግን አይደለም። የምንጽፋቸው ቁጥሮች ዋጋ ለመጠየቅና ለመከራከር ይረዱዎታል፤ የሚገነባው በመሐንዲሱ ሥዕል ነው። በዚያው ሥዕል ከክፍለ ከተማዎ የግንባታ ፈቃድ ይጠይቁ፤ ነገ ከጎረቤት ጋር ክርክር ቢነሳ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

ጎረቤቶችዎ ያነሱት የድንጋይ ነገር ከንቱ አይደለም። ድንጋይ በክብደቱ ነው አፈርን የሚይዘው፤ ስለዚህ ውፍረት ይፈልጋል። ለ2.60 ሜትር ጠቅላላ ከፍታ ከታች 1.25 ሜትር፣ ከላይ 45 ሳ.ሜ. ቢሆን ለ12 ሜትር ርዝመት ከ26 ሜትር ኩብ በላይ ግንባታ ይወጣዋል። እስከ 1.5 ሜትር ከፍታ ቢሆን ያለ ማመንታት ድንጋይ እንመርጥልዎ ነበር፤ ግንበኛውም ድንጋዩም እዚያው አለ፣ ፌሮም አይፈልግም። በ2 ሜትር ላይ ጓሮዎ ሰፊ ከሆነና መሠረቱ ጭንጫ ላይ ካረፈ አሁንም ያዋጣል፤ ጓሮው ጠባብ ከሆነ ኮንክሪት ይሻላል። የፋሲል ግንብ ግን ለዚህ ማስረጃ አይሆንም፤ የቤተ መንግሥቱ ግድግዳ የራሱን ክብደት ነው የተሸከመው፣ ከጎኑ የሚገፋው ዳገት የለም። በብሎኬት እንሥራው የሚልዎት ሰው ከመጣ ደግሞ ቡና አጠጥተው ይሸኙት።

አሁን ወደ ሰውየው እንምጣ። ይህ ሥራ የሦስት ሙያ ነው፦ ፌሮ የሚቆርጥና የሚያስር ፌራዮ፣ ካሳፎርማ (ኮንክሪቱ የሚፈስበትን ቅርጽ) የሚመታ አናጢ፣ ኮንክሪት የሚሞላ ግንበኛ። ብቻውን የሚመጣ ግንበኛ ሦስቱንም «እችላለሁ» ካለ ጥንቃቄ ያድርጉ፤ የቡድኑን ሰዎች ያሳይዎት። ቀጥሎ የሠራቸውን ድጋፍ ግንቦች ሄደው ይዩ፤ አጥር ወይም ቤት አይደለም የሚያዩት። አዘዞ ሜዳ ላይ መቶ አጥር ያቆመ ሰው ዳገት መያዝ ያውቃል ማለት አይደለም። የሚያዩት ግንብ ቢያንስ ሁለት ክረምት ያለፈው ይሁን። ቱንቢ ከላይ አስወርደው ወደ ውጭ ማዘንበሉን ይመልከቱ፤ ከመሐል ያበጠ ነገር ካለ ወይም ከእግሩ በላይ አግድም ስንጥቅ ካለ ይለፉት። የውሃ ቀዳዳዎቹ ሥር የውሃ መውረጃ ምልክት መኖሩ ጥሩ ነው፤ እየሠሩ ናቸው ማለት ነው። ቀዳዳዎቹ ደርቀው ግድግዳው ራሱ ካላበው ግን ከኋላ ተደፍነዋል።

ከዚያ ሦስት ነገር ይጠይቁት። «ዋናው ቋሚ ፌሮ በየት በኩል ይቆማል?» መልሱ «በአፈሩ በኩል» ነው። አፈሩ ሲገፋው ግድግዳው ወደ ጓሮ ሊጎብጥ ይሻል፤ የሚሳበው የአፈሩ ወገን ነው፤ ኮንክሪት መጨመቅን እንጂ መሳብን አይችልም። «መሐል ላይ» ወይም «ከፊት» ያለ ሰው ግንቡ ላይ ብረቱን እንደ ጌጥ ነው የሚያስቀምጠው። «ውሃው በየት ይወጣል?» ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን ከኋላ ስለሚሞላው ጠጠር ሳይጠየቅ ካነሳ ሥራውን ያውቀዋል። «ጀርባውን በስንተኛው ቀን ትሞላለህ?» ካሳፎርማው በተነሳ ማግስት ካለዎት ሌላ ሰው ይፈልጉ።

ስለ ውሃው ትንሽ እንዘርዝር፤ እሱ ካልገባዎት ለጠጠሩ የሚወጣው ገንዘብ ብክነት ይመስልዎታል። 2 ሜትር ከፍታ ያለው ደረቅና ልቅ አፈር በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ወደ 1.2 ቶን በሚጠጋ ኃይል ግንቡን ይገፋል። ያው አፈር እስከ አፉ ውሃ ከጠጣና ውሃው መውጫ ካጣ ግፊቱ ወደ 2.6 ቶን ይደርሳል። ከእጥፍ በላይ ነው፤ በጋውን ሙሉ ደህና የቆመ ግንብ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚወድቀውም ለዚህ ነው። ጥቁሩ ዋልካ ሲሆን ይብሳል፤ ውሃ ሲጠጣ ራሱ ያብጣል።

ስለዚህ ከግድግዳው ጀርባ 30 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው፣ አፈርና ደቃቅ ያልተቀላቀለበት ጠጠር ከታች እስከ ላይኛው ጫፍ አጠገብ ይሞላል፤ ለእርስዎ 7 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። በጠጠሩና በአፈሩ መካከል ጂኦቴክስታይል ይዘረጋል፤ ይህ ጨርቅ ውሃ ያሳልፋል፣ አፈር ያስቀራል። ላስቲክ ሊተካው አይችልም፤ ውሃውን አግዶ በሌላ በኩል ይሰበስበዋል። ከጠጠሩ ግርጌ፣ ከእግሩ በላይ፣ ባለ 110 ሚሊ ሜትር የተበሳ ቱቦ በየ1 ሜትሩ 1 ሳ.ሜ. እየወረደ ወደ ግንቡ ጫፍ ይሄዳል፤ ጫፉ ግልጽ ቦይ ላይ መውጣት አለበት። በተጨማሪ በግድግዳው ውስጥ በየ1.5 ሜትሩ 75 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ፣ ከፊት ካለው መሬት 15 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ፣ ወደ ውጭ ትንሽ አዘንብሎ ይቀበራል። ቱቦዎቹ ካሳፎርማው ሳይዘጋ የሚገቡ ናቸው፤ ከረሷቸው በኋላ በመሮ መብሳት ፌሮ ያስቆርጣል። ከላይ ደግሞ የጎረቤትዎ የጣሪያ ውሃ የት እንደሚወርድ፣ ሽንት ቤታቸው ወይም ሴፕቲክ ታንካቸው ከግንቡ በስንት ሜትር እንዳለ ይጠይቁ። የሚያፈስ ጉድጓድ ከላይ ካለ ለግንቡ ክረምት አያልቅለትም፤ መሐንዲሱ ይህንን ሳያውቅ አይሥል።

ዋጋ ሲቀበሉ ሁሉም ተወዳዳሪ በአንድ መጠን ላይ ዋጋ ይስጥ፤ አለበለዚያ ርካሽ የመሰለው ሥራ የቀነሰ ሊሆን ይችላል። ከላይ በጠቀስነው ልክ ኮንክሪቱ ብክነትን ጨምሮ ወደ 14.5 ሜትር ኩብ ነው። ለዚህና ከመሠረቱ ሥር ለሚነጠፈው 5 ሳ.ሜ. ሊን ኮንክሪት (ሲሚንቶው ያነሰ ኮንክሪት) ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 105 ከረጢት ገደማ፣ ማለትም 52 ኩንታል ተኩል፣ አሸዋ 7 ሜትር ኩብ ከምናምን፣ ጠጠር 11 ሜትር ኩብ ይፈልጋል፤ የጀርባው 7 ሜትር ኩብ ጠጠር ለብቻው ነው። ፌሮ በግምት ባለ 14 ሚሊ ሜትር 24 ቤርጋ (ባለ 12 ሜትር ዘንግ)፣ ባለ 12 ሚሊ ሜትር 8 ቤርጋ፣ ባለ 10 ሚሊ ሜትር 56 ቤርጋ ያህል ሆኖ ወደ 8.5 ኩንታል ይመዝናል። ዋናው ቋሚ ብረት ከታች ወደ እግሩ የሚታጠፈውን 50 ሳ.ሜ. ጨምሮ 3 ሜትር ስለሆነ ከ12 ሜትር ቤርጋ አራት ይወጣል፣ ቁራጭ አይተርፍም። ፌራዮው ከዚህ በጣም የራቀ ቁጥር ካመጣ ያስረዳዎት። የእጅ ዋጋውን በጥቅል አይቀበሉ፤ ቁፋሮው በሜትር ኩብ፣ ካሳፎርማው በካሬ፣ ፌሮው በኪሎ፣ ኮንክሪቱ በሜትር ኩብ ይለያይ። የጀርባው ጠጠርና የአፈር ሙሌት ዝርዝሩ ውስጥ በስሙ ከሌለ አልተካተተም ማለት ነው፤ ብዙ ጠብ የሚነሳውም ከዚህ ነው።

ውሉ ረጅም መሆን የለበትም፤ የሁለቱ ወገን መታወቂያ፣ ሁለት ምስክር፣ የመሐንዲሱ ሥዕል እንደ አባሪ፣ ክፍያው በደረጃ። እኛ የምንመርጠው እንዲህ ነው፦ ሲጀምር 10 በመቶ፤ ቁፋሮው አልቆ መሐንዲሱ መሬቱን ካየ በኋላ 15፤ እግሩ ፌሮው ታይቶ ከተሞላ በኋላ 25፤ ግድግዳው ተሞልቶ ካሳፎርማው ሲነሳ 25፤ ጠጠሩ፣ ቱቦውና ሙሌቱ ሲያልቅ 15፤ የቀረው 10 በመቶ ግንቡ አንድ ክረምት አሳልፎ በመስከረም መጨረሻ። የመጨረሻው ላይ ግንበኞች ይከራከራሉ። ቢያንስ 5 በመቶ ሳይያዝ ግን አይፈርሙ። «ማንኛውም ፌሮ መሐንዲሱ ሳያየው ኮንክሪት አይፈስበትም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባበት። የሠራተኞቹ ደህንነት የማን ኃላፊነት እንደሆነም ይጻፍ።

ቁፋሮው የሰው ሕይወት ያለበት ቦታ ስለሆነ ችላ አይበሉት። 12 ሜትሩን በአንድ ጊዜ አስቆርጠው አይክፈቱት፤ በ3 ወይም በ4 ሜትር ክፍል፣ አንዱን ዘሎ አንዱን እየቆፈሩ ይሥሩ፣ የላይኛው ጠርዝም ወደ ኋላ ይጋደም። የተቆፈረው አፈር ከላይ ጠርዝ ላይ አይከመር። መሠረቱ ዋልካውን አልፎ ጭንጫ ወይም ጠንካራ መሬት እስኪያገኝ ይወርዳል፤ በ60 ሳ.ሜ. ካልተገኘ ይጨመራል፣ ተጨማሪው በሜትር ኩብ ዋጋው ይታሰባል። በየክፍሉ ሲሠራ የእግሩ አግድም ፌሮ ለቀጣዩ ክፍል መደራረቢያ እንዲተርፍ ሆኖ ይቀመጣል።

ኮንክሪት በሚሞላበት ቀን ቤትዎ ይሁኑ። መስፈሪያው ሳጥን 50 በ40፣ ከፍታው 18 ሳ.ሜ. ከሆነ 36 ሊትር ይይዛል፤ ይህም አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ማለት ነው። ለአንድ ከረጢት ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። በአካፋ መቁጠር የለም። ውሃው ለአንድ ከረጢት ከ27 ሊትር እንዳያልፍ፤ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን አንድ ሙሉና ጥቂት ጨምሮ ማለት ነው፣ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ያነሰ። ሠራተኛው እንደ ሾርባ ሲያቀጥነው ሥራው ይቀልለታል፣ ግንቡ ግን ጥንካሬውን ያጣል፤ በዚህ አይደራደሩ። አሸዋው ሲመጣ ገና መኪናው ሳይራገፍ ጥቂቱን ጠርሙስ ውስጥ እስከ 10 ሳ.ሜ. ከተው፣ ውሃ ጨምረው ይናጡና ለሦስት ሰዓት ያስቀምጡት። ከላዩ የሚረጋው ጭቃ ከ6 ሚሊ ሜትር ካለፈ ይታጠብ ወይም ይመለስ። ፌሮው ከአፈሩ ወገን 5 ሳ.ሜ. ኮንክሪት እንዲለብስ የሲሚንቶ ስፔሰር (ፌሮውን ከካሳፎርማው የሚያርቅ ቁራጭ) ይታሰርበት፤ ድንጋይ መሸጎጥ አይሆንም፣ ሲሞላ ይወድቃል። ግድግዳው በ50 ሳ.ሜ. ንብርብር እየተሞላ በቫይብሬተር (ኮንክሪቱን አንቀጥቅጦ በሚያጠጋጋው መሣሪያ) ይመታ። ከ1.5 ሜትር በላይ ከፍታ ኮንክሪት ሲጣል ጠጠሩና ሊጡ ስለሚለያዩ በቦይ ወይም በቱቦ ይውረድ። ፈሳሽ ኮንክሪት ካሳፎርማውን ከታች በኃይል ስለሚገፋው ድጋፎቹ ከታች በኩል ይጠጋጉ፤ ካሳፎርማ የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ ከግርጌው ነው። በመሐል፣ በ6 ሜትሩ ላይ፣ ግድግዳው 2 ሳ.ሜ. ክፍተት ይኑረው፤ ሲኮማተር በዚያ ይለያይ እንጂ በፈለገው ቦታ አይሰንጠቅ።

ከሞሉት በኋላ ሥራው የእርስዎ ነው፦ ኬሻ አልብሰው ቢያንስ 7 ቀን፣ ሲሚንቶው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ከሆነ 14 ቀን ሳይደርቅ ያቆዩት። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ሥራው ቆሞ እንዳይቀር ሮቶ አስቀድመው ይሙሉ፤ ውሃ ሳይኖር ኮንክሪት አያስጀምሩ።

ከ28 ቀን በኋላ ጀርባው በገረጋንቲ ወይም በጭንጫማ አፈር በ20 ሳ.ሜ. ንብርብር እየተጠቀጠቀ ይሞላል፤ የወጣው ዋልካ ተመልሶ አይገባም። ከግድግዳው 1 ሜትር ውስጥ ከባድ መጠቅጠቂያ አይገባም፣ በእጅ ብቻ። የላይኛው 30 ሳ.ሜ. ግን በተቃራኒው ውሃ የማያሳልፍ ሸክላ አፈር ሆኖ ወደ ቦይ ያዘንብል፤ ዝናቡ ወደ ጠጠሩ ከመስረግ ይልቅ ከላይ ይሂድ።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል። ሚያዝያ ላይ ከተጀመረ 28 ቀኑና ሙሌቱ ከሰኔ ዝናብ ጋር ይጋጫል፤ ጀርባው ክፍት ሆኖ ክረምት ከገባ ቁፋሮው ራሱ የጎረቤትዎን አጥር ያወርዳል። አሁን ክረምት የቀረበ ከሆነ ግንቡን ለጥቅምት አስተላልፈው፣ ለጊዜው ከላይ በኩል ውሃ የሚቀይስ ቦይ ያስቆፍሩ፤ የተናደውን ጠርዝ በሸራ ይሸፍኑ፤ ከኩሽናው በር ፊት ያለውን አፈር ብቻ ይጥረጉ፣ ከዳገቱ ግርጌ አያስቆርጡ።

ሚክሰር መከራየት ያስፈልጋል ወይ ካሉ፣ ለ14 ሜትር ኩብ አዎ። የተከፈተውን ክፍል እግር በአንድ ቀን፣ ግድግዳውንም በአንድ ቀን ካልጨረሱ መገጣጠሚያው ይደክማል፤ በእጅ እየተቦካ ይህ አይደርስም። እግሩና ግድግዳው የሚገናኙበት ፊት ግን ሁልጊዜ መገጣጠሚያ ስለሆነ ኮንክሪቱ ገና ሳይደርቅ በሽቦ ብሩሽ ይሻከር፣ ግድግዳው ከመሞላቱ በፊትም በውሃ ይታጠብ።